የረጋው እሳት

ሐፍሳና ባሏ ሬድዋን ቴፒ ውስጥ መስታወት በጋዝ እሳት እያቀለጡ ጨሌ ይሠራሉ። የቀራቸው ደንበኛ አንድ የማሻ ከተማ ነጋዴ ብቻ ነው፤ እሱም ያዘዘውን ጨሌ ሊወስድ ነገ ይመጣል። እሳቱ ግን ከጠዋት ጀምሮ አንዴ ይንበለበላል፣ አንዴ ሊጠፋ ይደርሳል፤ የሠሩት ጨሌ ሁሉ ተሰነጠቀ። የጋዙን ጎማ ቢቀይሩም ለውጥ የለም።

"አለቀልን" አለች ሐፍሳ።

"እስቲ የጋዝ መቆጣጠሪያውን ልየው" ብሎ ሬድዋን የጋዙ ሲሊንደር፣ ቦምቦላው፣ ወዳለበት ጓሮ ወጣ።

ጥቂት ቆይቶ እሳቱ ቀጥ ብሎ ረጋ።

"ተስተካከለ! በቃ እንዳትነካው!" ብላ ጮኸች።

ሬድዋን መቆጣጠሪያውን በእጁ ይዞ በሩ ላይ ቆሟል። "ምኑ ነው የተስተካከለው?" አለ። "ቦምቦላውን ዘግቼ ይሄን ፈትቼዋለሁ እኮ።"

ሐፍሳ አሁንም ረግቶ የሚነደውን እሳት አየችው። ከዚያ መስታወቱን አነሳች።

"በሩን ዝጋውና ና" አለችው።