ጥፍር የማያስገባ ሥራ

በፍቺው ጊዜ ሽማግሌዎቹ ቴሌቪዥኑን ለሚስቱ ሲያደርጉት አናጢው አንጀቱ አረረ። ልትወስደው እስክትመጣ፣ ሰዎች ቆመው ጌም የሚጫወቱበት ዓይነት ትልቅ የእንጨት ሳጥን ሠርቶ፣ ቴሌቪዥኑን እዚያ ውስጥ ገጥሞ፣ ዙሪያውን በኮላ አጣበቀው። ጠርዙ ጥፍር እንኳ አያስገባም።

ከሽማግሌዎቹ አንዱን፣ ጋሽ ወልደሰንበትን፣ ይዛ መጣች።

"ውሰጂያ! ካልተሰበረ ግን አይወጣም" አላት፤ ልቡ ቅቤ ጠጥቷል።

"እንግዲያው ከነሳጥኑ ትውሰደው" አሉ ጋሽ ወልደሰንበት።

ፊቱ ጠቆረ። እሷ ግን ጠርዙን ዙሪያውን በጥፍሯ እየፈተሸች ቆየች።

"ለካ ትችላለህ" አለችው። "ልጃችን በብርድ ሲያስል፣ ይህን በር ግጠምልኝ ብዬ ስምንት ክረምት ለመንኩህ።"

ቴሌቪዥኑን ትታው ወጣች። ስባው የሄደችው በር እንደ ልማዱ ሳይገጥም ገርበብ ብሎ ቀረ።