አብሯት የተሠራው

«ካንሰር አይደለም፣ እናቴ፤» አለ ሐኪሙ የላቦራቶሪውን ወረቀት እያጠፈ። «ከልጅዎ ደረት ያወጣነው ይኸው ነው።» እናትየው የሐኪሙን ስልክ እንደ ጸበል በሁለት እጇ ተቀበለች። በፎቶው ላይ እንቁላል የምታህል፣ ጥርት ያለ ውኃ የቋጠረች ስስ ከረጢት ታበራ ነበር።

«መቼ ገባባት?»

«አልገባባትም። ሆድዎ ውስጥ ሳለች፣ ሳንባዋ ሲሠራ አብሮ የተሠራ ነው።»

እናትየው ሳታስበው ሆዷን ዳሰሰች። እንግዲያ ይህን ተአምር እሷም ተሸክማዋለች! ልጇን ያምሮትን ሳል የጀመራት ጎረቤታቸው ታንጉት «እንዴት ታምራለች!» ብላ በሳመቻት ማግስት ነበር። እናትየው የሰው ዓይን ነው ብላ ዓመት ሙሉ ሰላምታ ነሥታት ነበር። የራሷን ስልክ አውጥታ ቡሬ ደወለች።

«ታንጉት፣ ነገ እንመጣለን። መናኸሪያ ድረስ መጥተሽ ልጄን ሳሚልኝ።»