የተጠረገው ወለል

የመጋዝ ቤቱ ወለል መጠረጉ በይፋ ተበሰረ። ሥራ አስኪያጁ ሳጥን ላይ ወጥቶ፣ ጉሮሮውንም ጠርጎ፣ «ከአደጋው ትልቅ ትምህርት ወስደናል» አለ። ባለፈው ዓመት አየር ላይ የተበተነው የእንጨት ብናኝ ከሞተሩ በወጣች ፍንጣሪ ተያይዞ ፈንድቶ ጣሪያውን ይዞት ሄዶ ነበር፤ ከጣሪያው ጋር በመጋዙ የሚሠራውን ሰውም። ዛሬ የሟቹ ሚስት ከፊት ተቀምጠዋል፤ የአባቱን መጋዝ የሚያስነሳው ልጃቸው ደግሞ ጣቱን ማብሪያው ላይ አድርጎ ትእዛዝ ይጠብቃል።

«ብናኙ ታዲያ የት ገባ?» አሉ እናትየው።

«ድራሹ ጠፋ፣ እትዬ!» አለ ፎርማኑ። «መጥረጊያማ ድሮ ቀረ። በአየር ኮምፕሬሰር እፍ አልንበት፤ አሁን ወለሉ ላይ ፊትዎን ያዩበታል።»

ሁሉም ሳቀ። ሥራ አስኪያጁ «በሉ እንግዲህ፣ ሞቅ አድርጉት!» ሲል ጭብጨባው የጣሪያውን ቆርቆሮ አንቀጠቀጠው። እናትየው አላጨበጨቡም። ጥቁር ሻሻቸው ላይ ያረፈውን ነገር በጣታቸው አንስተው አሹት። ከጣሪያው አግዳሚ ብረቶች ላይ ቢጫ ብናኝ እንደ ዱቄት እየተነፋ በዝምታ ይወርድ ነበር፤ በየሄልሜቱ፣ በየትከሻው ላይ። ጭብጨባው ከጥግ እስከ ጥግ ሞተ።

«እጅህን አንሳ፣ ልጄ» አሉ በለሆሳስ።

ልጁ ትእዛዝ ፍለጋ ወደ ሳጥኑ ዞረ። ሳጥኑ ላይ ሰው አልነበረም። ሥራ አስኪያጁ በሩ ጋ ደርሶ ነበር።