ገደኛው እግር

«እግርህ ገድ ነው» ይሉታል። ሌላውን ሽማግሌ ሦስት ጊዜ የሚያመላልስ አባት፣ ልጁን ሊጠይቅ እሱ ሲሄድ በመጀመሪያው ቀን እሺ ይላል። አሥራ አንድ ትዳር በእሱ እግር ቆሟል። እሱ ግን አርባ ዓመቱ ነው፤ አላገባም። መምህርቷን ማንጠግቦሽን እንደሚወዳት የነገረው ለአብሮ አደጉ ለዘለቀ ብቻ ነው።

ባለፈው እሁድ ዘለቀ፣ «ለእኔም ሽማግሌ ሁነኝ፤ ያለ አንተ እግር አይሆንልኝም» አለው።

«የማን ልጅ ናት?»

«አብረውህ የሚሄዱት ሰዎች ቤቱን ያውቁታል።»

ሁለቱን አዛውንቶች ተከትሎ ሄደ። የቆሙት እሷን ለማየት በየቀኑ ዞሮ በሚያልፍበት አረንጓዴ በር ላይ ነበር። የማንጠግቦሽ አባት ከፈቱላቸው። አዛውንቶቹ እንደ ልማዱ ሳይቀመጡ ቆመው፣ እንዲናገር ወደ እሱ ዞሩ። ደጅ የደረሰ ሽማግሌ ሳይናገር አይመለስም።

«ልጅዎን ለልጃችን ለዘለቀ እንዲሰጡን ልንለምን ነው የመጣነው» አለ።

አባትየው ወደ እሱ ዞሩ። «አንተ መጥተህማ እምቢ አልልም።»

ሲሸኟቸው እሱን ከበሩ ላይ አስቀሩትና እጁን ያዙት።

«እሷም እኔም ለራስህ ሽማግሌ ትልካለህ ብለን ሁለት ዓመት ጠበቅን። ዘለቀ አንተ እንደማትፈልጋት ባይነግረን ኖሮ ዛሬም እንጠብቅህ ነበር።»