«በግል ጉዳይ» የሚሉት አምስት ደብዳቤዎች

ሴትዮዋ የስራ መልቀቂያ ደብዳቤውን ተቀበለች... አነበበችው... ለሁለት ቀደደችው።

ደብዳቤውን ያመጣችው ፋርማሲስት ደርቃ ቀረች። ያችን አንድ መስመር ለመጻፍ ሦስት ቀን አልቅሳለች።

ነገሩ እንዲህ ነው...

ልጅቷ መድኃኒት አከፋፋይ ድርጅት ውስጥ ከተቀጠረች ሰባት ወሯ ነው። ውሏ የሁለት ዓመት ነው።

ስራ አስኪያጁ መጀመሪያ «ጎበዝ ነሽ» እያለ ትከሻዋን ይነካ ነበር። ቀጥሎ ወገቧን... ቀጥሎ ለስራ ነው ብሎ ቢሮው ጠራትና በሩን ቆለፈ።

እጮሃለሁ ብላ ነው ያስከፈተችው።

በማግስቱ ምን ቢላት ጥሩ ነው?

«ውል አፍርሰሽ ከሄድሽ የስራ ልምድ ወረቀት የሚባል አታገኚም። ማን እንደሚቀጥርሽ አያለሁ።»

ያለዚያ ወረቀት ደግሞ የትም አትቀጠርም። ሰውዬው የያዛት በዚህ ነው።

እናቷ ስራ ይቅርብሽ፣ አንቺ ትበልጫለሽ አለቻት። እሷም ጻፈች... «በግል ጉዳይ ምክንያት ስራዬን ለመልቀቅ እጠይቃለሁ።»

ደብዳቤ የሚያልፈው በመዝገብ ቤት በኩል ነው። የመዝገብ ቤቷን ሴትዮ ሰራተኛው «እትዬ ራዳር» ነው የሚላት። ለአለቃው ወሬ ታቀብላለች ተብላ ትታማለች። እሷ ብቅ ስትል ሻይ ክበቡ ጸጥ ይላል።

ደብዳቤውን የቀደደችው እንግዲህ እሷ ናት።

«ምን እየሰሩ ነው እትዬ?» አለች ልጅቷ።

ሴትዮዋ ሳጥን ከፍታ አምስት ፋይል ጠረጴዛው ላይ ደረደረች።

አምስት ሴቶች... አምስት ደብዳቤ... ሁሉም «በግል ጉዳይ» ይላሉ።

«የእሱን ነውር የእነሱ የግል ጉዳይ ብዬ አምስት ጊዜ ቆለፍኩበት» አለች። «ጡረታዬ በልጦብኝ ነው ልጄ። ስድስተኛውን ግን አልቆልፍም። ቁጭ በይና የሆነውን ጻፊ።»

ተጻፈ።

ቀኑ፣ ሰዓቱ፣ የተቆለፈው በር... ውሉ ላይ ያለው የሠላሳ ቀን ማስጠንቀቂያ... የስራ ልምዷ እንዲሰጣት... ድርጊቱም በቦርድ እንዲጣራ።

ከታች፣ «ግልባጭ፦ ለዳይሬክተሮች ቦርድ»።

እትዬ ራዳር ሃያ ዓመት ሙሉ ወረቀት ስታስፈርም ኖራለች። ሰውዬው ከ«ጉዳዩ» በታች ያለውን አንብቦ እንደማያውቅ ከእሷ በላይ የሚያውቅ የለም።

ከሌሎች ወረቀቶች ጋር አስገባችለት።

«ጉዳዩ፦ ስራ ስለመልቀቅ» ይላል። ተሸንፋ ሄደች ብሎ ደስ አለው። ጠርዙ ላይ በገዛ እጁ ጻፈበት...

«በተጠየቀው መሠረት ይፈጸም።»

ፈረመ። ማህተሙ ያለው ደግሞ እትዬ ራዳር ጋ ነው፤ መታችበትና ግልባጩን ለቦርዱ ላከችው።

ቦርዱ ሲጠራው ስም ማጥፋት ነው፣ እንዲህ ያለ ደብዳቤ አላየሁም ብሎ ካደ።

ፊርማውን አሳዩት። በራሱ ላይ ምርመራ ያዘዘ አለቃ አይታችሁ ታውቃላችሁ?

አምስቱ ሴቶች ተጠሩ። ስልካቸው ፋይሉ ውስጥ አለ። አራቱ በአካል መጥተው፣ አንዷ ከሩቅ በስልክ ቃላቸውን ሰጡ።

ደብዳቤው በገባ በሃያ ሁለተኛው ቀን ስራ አስኪያጁ ተባረረ።

ልጅቷን ቅሪልን ብለው ለመኗት። እሷ ግን ማስጠንቀቂያ ሰጥቻለሁ፣ ቀኔን ጨርሼ እወጣለሁ አለች። በሠላሳኛው ቀን የስራ ልምዷን ይዛ፣ ቀና ብላ በዋናው በር ወጣች።

የስራ ልምድ ሊከለክላት የነበረው ሰውዬ ስምንት ቀን ቀድሟት ወጥቷል... እሱን ደግሞ ማን እንደሚቀጥረው እናያለን።

እውነቱን ልንገራችሁ፣ ሴትዮዋ አምስት ጊዜ ዝም ማለቷ አሁንም ያናድደኛል። ስድስተኛው ላይ መናገሯ ግን አስለቅሶኛል።

እህቶቼ፣ የሌላ ሰው ነውር የእናንተ የግል ጉዳይ አይደለም። ስትለቁ ምክንያቱን ጽፋችሁ፣ ፊርማ ያለበትን ኮፒ ይዛችሁ ልቀቁ።

እናንተስ... መዝገብ ቤት የተቀመጣችሁት እናንተ ብትሆኑ፣ በስንተኛው ደብዳቤ ላይ ትናገሩ ነበር? እውነቱን ኮመንት ላይ ጻፉልኝ።