የማንገቻው ዘለበት

«ዞር በል እንጂ አባዬ! እንዳታይ ተብሏል እኮ።»

ኦርቪል በደረቱ እንደተኛ ፊቱን አዞረ። ልጁ ማርሊስ አጠገቡ ተንበርክካ የጠመንጃውን ቃታ ከፈተች፤ ጥይት አጎረሰችና ዘጋችው። የልምምዱ ሕግ ቀላል ነው። አንዱ ያጎርሳል፣ ሌላው ይተኩሳል፤ ተኳሹ ግን ውስጡ ጥይት ይኑር አይኑር አያውቅም። ጥይት በሌለበት ምላጩን ሲስብ አፈሙዙ ፀጥ ካለ ሰውየው ደህና ነው። አፈሙዙ ጎንበስ ካለ ግን ሰውነቱ የጠመንጃውን ምት ፈርቶ ገና ሳይመታው ይሸሻል ማለት ነው።

ጧ! ጠመንጃው ዘለለ።

«እንዴት ነው?» አለ ኦርቪል ትከሻውን እያሸ።

«ሸጋ ነው።»

በተኩስ ሜዳው ላይ የተኙት ሌሎቹ ሰልጣኞች ቅዳሜና እሁዱን ሊዝናኑ ነው የመጡት። ኦርቪል ግን ለፍርድ ነው የመጣው፤ ዳኛውም ራሱ ነው። አምና በኅዳር ጫካ ውስጥ አንድ አጋዘን ሆዱን መትቶ ለቀቀው። እሱና ማርሊስ እስኪመሽ ደሙን ተከትለው ሳያገኙት ቀሩ። ዕድሜ ልኩን ሲያድን እንዲህ ያለ ነውር ሠርቶ አያውቅም፤ ያን ዕለት እህል የሚባል አልቀመሰም። ዘንድሮ ወደዚህ ሥልጠና ሲመጡ መኪና ውስጥ ቁርጡን ነገራት።

«አፈሙዙ ከደነገጠ ጠመንጃው ያንቺ ነው። እኔ ድንኳን ቁጭ ብዬ ባቄላ እቀቅላለሁ።»

እሱ የቀቀለውን ባቄላ ደግሞ ውሻም አይቀምሰውም። ማርሊስ ስቃ ልታልፈው ሞከረች እንጂ አልሆነላትም። ከልጅነቷ ጀምሮ ከፊቷ እሱ ሳይኖር ጫካ ገብታ አታውቅም።

ጠዋት በሕጉ መሠረት ባዶ ሰጥታው ነበር። ምላጩን ሲስብ አፈሙዙ መሬት ሊስም ምንም አልቀረው። ደገመችው፤ ያው ነው። ከዚያ ወዲህ የምታጎርሰው ጥይት ብቻ ሆነ። ጥይት ሲተኮስ ጠመንጃው በገዛ ጉልበቱ ይዘላል፤ የሰውየውን ድንጋጤ ማንም አይለየውም።

ባለቀይ ቆቡ አሰልጣኝ ዴንተን ከኋላቸው መጥቶ ቆመ። «ጋሼ ኦርቪል እንዴት ናቸው?»

«ንቅንቅ የለም!» አለች ማርሊስ፣ ጥያቄው ሳያልቅ።

«የድሮ ሰው! እንዲህ ነው እንጂ!» ብሎ አለፈ።

ኦርቪል አሰልጣኙ ራቅ እስኪል ጠበቀ። «ከጠዋቱ በኋላ አንድም ባዶ አልደረሰኝም።»

«ዕድል ነዋ።»

«ማርሊስ!»

«አባዬ ይሙት አልዋሸሁም!»

«አባዬሽ እኔ ነኝ እኮ! ገድለሽኝ አትማዪ።» ሳቁ ብልጭ ብሎ ጠፋ። «ያ አጋዘን አንጀቱን እየጎተተ ሲሄድ አይተሻል?»

«አይቻለሁ።»

«እንግዲያው አታባብይኝ። እንደ ሕጉ አድርጊ።»

ዞር በል ሳትለው ራሱ ዞረ። ማርሊስ ጥይቱን አነሳች፤ በጣቷ ይዛ ቆየችና መልሳ አስቀመጠችው። ቃታውን በባዶው ዘጋች። ኦርቪል ጉንጩን ሰደፉ ላይ አሳረፈ፣ ትንፋሹን ለቀቀ፣ ምላጩን ሳበ።

ቀጭ።

አፈሙዙ ወርዶ ሣሩን ነካ። ከሰደፉ በቀር ፊቱን የሚያሳርፍበት ያጣ ይመስል ጉንጩ እዚያው እንደተለጠፈ ቀረ። ከዚያ ጮክ ብሎ ተጣራ።

«ዴንተን! ልጄ ዋሽታሃለች። እደነግጣለሁ።»

አሰልጣኙ ተመልሶ መጥቶ ጫማውን ጫማውን አየ። «በልምምድ ይስተካከላል፣ ጋሼ። አይጨነቁ።»

«ትከሻዬን የቀደደው ሐኪምም እንደሱ ነበር ያለኝ።»

ኦርቪል በክርኑ ተደግፎ ተነሳ። የጠመንጃውን ማንገቻ ከክንዱ ፈታ። የማንገቻው ቆዳ ዘለበቱ ለዘመናት በቆየበት ቦታ ላይ ጠቁሮና ሰርጉዶ ነበር።

«ተኚ።»

«ትንሽ ብናርፍስ?»

«ተኚ አልኩሽ።»

ተኛች። ማንገቻውን ክንዷ ላይ አጥልቆ ሳበው፤ ሰፋባት። ዘለበቱን ከጠቆረው ቦታ አውጥቶ አጠበበው፣ እንደገና ሳበው፣ አሁን ልክ ሆነ። «ዞር በይ» አላት። ፊቷን አዞረች። ቃታው ሲከፈት ሰማች፣ ሲዘጋም ሰማች። ውስጡ ምን እንዳለ አታውቅም። ዒላማውን አየች፤ ምላጩን ቀስ ብላ ሳበች።

ቀጭ።

አፈሙዙ ንቅንቅ አላለም።

የተኩስ ማቆሚያው ፊሽካ ሲነፋ ኦርቪል ማንገቻውን ከክንዷ አውልቆ ጠመንጃውን አቀበላት። ዘለበቱን ግን ወደ ድሮው ቦታ አልመለሰውም።