የመራራ ውሃ ልጆች

«እኔም ከመራራ ውሃ ወገን ነኝ» አለ ተዋናዩ ብሬት በተንገዳገደ ናቫሆኛ፤ ካሜራው ፊቱ ላይ ነበር። ከዚያ እጁን ወደ ሻንዲን ወገብ ላከ።

ገበያተኛ መስለው እንዲቆሙ የተጠሩት አርባ የቺንሌ ከተማ ሰዎች፣ ሁሉም የአሜሪካ ነባር ሕዝብ የናቫሆ ተወላጆች፣ በአንድ አፍ ሳቁ። የበግ ሾርባ የያዘችው ሴትዮ ሾርባዋን ጫማዋ ላይ ደፋችው። ከኋላ አንዱ በራሳቸው ቋንቋ «ኧረ አንተ፣ እህትህ ናት!» ብሎ ጮኸ፤ ሳቁ እንደገና ገነፈለ።

«ከት!» አለ ዳይሬክተሩ ግራንት፣ እያጨበጨበ። «ይሄ ነው! ይሄን ሳቅ ነው የምፈልገው! ኮሜዲ ነው አላልኳችሁም?»

ኧርማ ኤትሲቲ አልሳቀችም። ሠላሳ ዓመት ናቫሆኛ ያስተማረች ሴት ናት፤ በዚህ ፊልም ላይ ስሟ «የባህል አማካሪ» ተብሎ ይጻፋል። ያማከሯት ግን ስለ አንዲት ገጽ ጸሎት ብቻ ነው። ስክሪፕቱን አሳዩኝ ስትል «ምስጢር ነው» አሏት። እሺ ያለችው ለሻንዲን ብላ ነበር። ሻንዲን የሟች እህቷ ልጅ ናት፤ ዋና ገጸ ባሕርይ ሆና ስትሠራ የመጀመሪያዋ ነው።

ደግሞ የፍቅር ኮሜዲ ነው ሲሏት ደስ ብሏት ነበር። በእነዚህ ሰዎች ፊልም የእሷ ወገን ከፈረስ ላይ ተመትቶ ይሞታል፤ ሰክሮ መንገድ ዳር ይሞታል፤ አለዚያም ለነጩ ጀግና ምክሩን ሰጥቶ ይሞታል። አንድ ጊዜ እንኳ የእኛ ልጅ በፍቅር ትጃጃል፣ ታስቀን፣ በሕይወት ወደ ቤቷ ትግባ ብላ ነበር። ይኸው በሕይወት ልትገባ ነው፤ ከወንድሟ ጋር።

እዚህ አገር ሰው ሲተዋወቅ እጁን ዘርግቶ የእናቱን ወገን ይናገራል። የሁለቱ አንድ ከሆነ ሰባት ቤት መቁጠር አያሻም፤ ወንድምና እህት ናቸው፤ ነገሩ እዚያው ያበቃል። ኧርማ ይህንኑ ለግራንት ነገረችው።

«የሚገርም ነው!» አለ ሰውየው። «ሻንዲን የራሷን ስትናገር ጸሐፊያችን ሰምቶ ወደደው። ምት አለው። ለብሬትም ሰጠነው።»

«የሰው ዘር ነው እንደ ኮፍያ ያዋሳችሁት?»

«ኧርማ…»

«ሌላ ወገን ይበል። እኔ እነግረዋለሁ። አምስት ሰከንድ አይፈጅም።»

«አይቻልም። ባለፈው ሳምንት የቀረጽነውም ላይ ይሄንኑ ብሏል። ደግሞስ፣ ሲኒማ ቤት ከሚገባው ሰው ማን ያውቃል?»

«እነዚህ አርባዎቹ ያውቃሉ።»

ግራንት ዞር ብሎ አያቸው፤ የቆሙ መሆናቸውን ገና አሁን እንዳወቀ ሰው። «እነሱ እኮ አጃቢ ናቸው» አለ።

ኧርማ ከፊቱ ቆመች። «ስሜን ከፊልሙ አውጣልኝ።»

«ፈርመሻል።»

ከአርባዎቹ አንዷ የሆኑት እማማ ቤሲ ከታጣፊ ወንበራቸው ሆነው ሁሉን ይሰማሉ። ሰማንያን ካለፉ ቆይተዋል። «ለመሆኑ ይሄ ልጅ የማን ነው?» አሉ፣ በጥላው ስር ስልኩን የሚነካካውን ብሬትን በአገጫቸው እያሳዩ።

«ቅድመ አያቱ የእኛ ልዕልት ነበረች ይላል» አላቸው አንዱ።

«የምን ልዕልት? እኛ በግ እንጂ ዘውድ መች ጠብቀን!»

ኧርማ ሻንዲን ዘንድ ሄደች። ልጅቷ ለቀረጻው ፊቷን ዱቄት እየተቀባች ነበር።

«ትንሿ እማ፣ ተይ» አለች ሻንዲን ገና አክስቷ ሳትናገር። «አውቃለሁ። የመጀመሪያ ቀን ነግሬያቸዋለሁ። አስቸጋሪ ነሽ አሉኝ። አስቸጋሪ የተባለች ደግሞ ሁለተኛ አትጠራም።»

«ታዲያ ልትስሚው ነው?»

«ትወና ነው። እኔ አይደለሁም።»

«ስሙ የፊልም ነው፤ ቀሚሱም የፊልም ነው። ወገኑ ግን እናትሽ የሰጠችሽ ነው። ከእሷ የቀረሽ ይሄ ብቻ አይደል?»

ሻንዲን ዓይኗን ወደ መሬት አደረገች። «ስድስት ዓመት ምግብ ቤት ሳህን እያመላለስኩ የጠበቅኩት ቀን ነው። እሺ፣ ምን ላድርግ?»

ስለታም ቃል ኧርማ ምላስ ጫፍ ደርሶ ነበር፤ ዋጠችው። በልጅቷ ላይ አልነበረም ንዴቷ። አንድ ቤት ሙሉ የተማረ ሰው፣ አምስት ሰከንድ መስጠት ያቃተው፣ ሸክሙን ሁሉ አንስቶ በሃያ አራት ዓመት ልጅ ትከሻ ላይ ጥሎታል። «የፈለግሽውን አድርጊ» አለቻት፤ «የትም አልሄድብሽም።» ከዚያ አንገቷ ላይ የተንጠለጠለውን የአማካሪነት መታወቂያ ፈትታ ግራንት ወንበር ላይ ወረወረችውና ከአጃቢዎቹ መሐል ገብታ ቆመች።

«ሳቁን እንዳትረሱ!» አለ ግራንት። «ሲሳሳሙ ደግሞ ሞቅ ያለ ጭብጨባ! አክሽን!»

ሻንዲን ወገኗን ተናገረች። ብሬትም ያንኑ መለሰ።

ማንም አልሳቀም። እማማ ቤሲ ተነሡ፤ ወንበራቸውን አዞሩና ጀርባቸውን ሰጥተው ተቀመጡ። ባለ ሾርባዋ ዞረች። ከኋላ የጮኸው ሰውዬ ባርኔጣውን ዝቅ አድርጎ ዞረ። ተማክረው አልነበረም፤ አንድ በአንድ፣ ሳይቸኩሉ፣ ሁሉም ፊታቸውን ወደ ቀዩ ገደል መለሱ።

ኧርማ ብቻ አልዞረችም። ልጅቷን ብቻዋን መተው አልቻለችም።

«ወደዚህ! ፊታችሁን ወደዚህ!» ግራንት ይጮሃል።

ብሬት ዓይኑን ጨፍኖ ጎንበስ አለ። ሻንዲን በትከሻው አሻግራ ያን ሁሉ ጀርባ አየች፤ ከጀርባዎቹ መሐል አንድ ፊት አየች። መዳፏን አንሥታ አፉ ላይ አደረገችው።

እሱ ግን አላወቀም። ከንፈሩን እጇ ላይ እንዳሞጠሞጠ፣ ዓይኑን እንደጨፈነ፣ በጠራራው ፀሐይ ቆሞ ይጠብቃል።